አርባ ደቂቃ የሚሠራው ዲስክ

ሰብለወርቅ ሃያ ሰባት ዓመት ስልክ አገናኝታለች። የሥራ ቦታዋ ሰበታ ውስጥ ባለ አንድ ፋብሪካ በር አጠገብ፣ መስኮቷ ወደ ጂማ መንገድ የሚያይ ጠባብ ክፍል ነበር። ስልክ ታነሳለች፣ ለሚፈለገው ክፍል ታስተላልፋለች። የሚፈለገው ሰው ቦታው ላይ ካልተገኘ በድምፅ ማጉያ ትጠራዋለች። ከማሽኖቹ ጩኸት በላይ ለመሰማት አትጮህም። ስሙን ቆርሳ ቆርሳ፣ ረጋ ብላ ትጠራዋለች፤ ይሰማል። ፋብሪካው አውቶማቲክ መስመር ሲያስገባ ወደ መዝገብ ቤት አዛወሯት። ከአራት ዓመት በኋላ ጡረታ ወጣች። ዛሬም ገበያ ውስጥ የሽንኩርት ዋጋ ስትጠይቅ ድንግጥ ብለው የሚዞሩ የቀድሞ ሠራተኞች አሉ። አንደኛው ድምፅዋን በሰማ ቁጥር ያጠፋው ነገር ያለ እንደሚመስለው ነግሯታል።

ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። ባሏ ፈቀደ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ እሱም ጡረታ ላይ ነው። ሲኖሩ የነበሩት አዲስ አበባ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ወደ ከተማ ሲገባ እሷ ከከተማ እየወጣች ሰበታ ተመላለሰች። ሰፈራቸው ፈርሶ ሰበታ ቤት ሲሠሩ ጡረታዋ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር። ሁለቱን ዓመት በእግሯ ሄደች።

ቤቷ ውስጥ ያልለበሰ ዕቃ የለም። ዳንቴል መሥራት የተማረችው በሁለት ጥሪ መካከል ነው፤ ስልኩ ዝም ሲል ኪሮሹን ታነሳለች፣ ሲጮህ ታስቀምጣለች። ቴሌቪዥኑ ለብሷል። ራዲዮኑ፣ ፍሪጁ፣ የቡታጋዙ ሲሊንደር ለብሰዋል። ሪሞቱ ከነላስቲኩ ነው። ፈቀደ እንግዳ ሲመጣ፣ እዚህ ቤት ዝም ብሎ የተቀመጠ ሁሉ ይለብሳል፣ እኔም ለዚህ ነው ብዙ የማልቀመጠው ይላል።

ኩምሳን ያገኘችው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከአየር ጤና ሲመለሱ ፈቀደ መነጽሩን ረስቶ ነበርና ጋዜጣ ታነብለት ነበር፤ ስለ አንድ የውርስ ክርክር የተጻፈ ረጅም ዘገባ። ከኋላቸው የተቀመጠው ወጣት የአለም ገና ወራጅ ነበር። አለም ገና ሲደርሱ ረዳቱ ደጋግሞ ጠራ፤ ልጁ ዝም አለ። ሰበታ ላይ ነጭ በትሩን ዘርግቶ ወረደና ተከተላቸው። የዘገባውን መጨረሻ ረዳቱ ስለጮኸበት እንዳልሰማው ነገራቸው። ሰብለወርቅ እዚያው ፌርማታው ላይ ቆማ ደገመችለት።

ኩምሳ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ዓይነ ስውር ነው። በሕግ ተመርቆ በአንድ ጠበቃ ቢሮ ስልክ እያነሳ፣ ቀጠሮ እየያዘ ይሠራል። የሚፈልገው የራሱን የጥብቅና ፈቃድ ነው። ለፈቃዱ ፈተና አለ፤ አንዴ ተፈትኖ ወድቋል። ስልኩ ላይ ያለው አንባቢ ፕሮግራም ፎቶ ኮፒ የሆነ የአማርኛ ሕግ ሲሰጡት ግማሹን ይዘለዋል፣ ግማሹን ያበላሸዋል። ሰው ያስፈልገው ነበር። ሰብለወርቅ ደግሞ ከጡረታ ወዲህ ድምፅዋ የሚያገለግለው ፈቀደን ለምሳ ለመጥራት ብቻ ነበር።

ልጃቸው ኤልሳቤት አግብታ ሐዋሳ ስትሄድ ትታው የሄደችው ኮምፒውተር መኝታ ቤት ገባ። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ተሰቀለ፤ አለበለዚያ የሚኒባስ ረዳቶች ድምፅ ሕጉ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሰብለወርቅ የፍትሐ ብሔርን ሕግ ከአንድ ጀምራ ማንበብ ያዘች። ከሦስት ሺህ በላይ አንቀጽ ነው። ስለ ጋብቻ የሚያወራው ክፍል ላይ ስትደርስ አስተያየት ጣል አደረገች። ስለ ጎረቤትና ስለ ድንበር የሚያወራው ጋ አንድ የምታውቀውን ሰው በስም ጠቅሳ ሰደበች። ሲገባት ደነገጠች፤ ለኩምሳ ደውላ ቆርጣ እንደምታወጣው ነገረችው።

«እንዳያወጡት፣ እትዬ ሰብሌ» አላት። «አንቀጹን የማስታውሰው በስድቡ ነው።»

የኮምፒውተሩ ሆድ በኤልሳቤት የሠርግ ቪዲዮ ሞልቷል፤ ቪዲዮውን ማጥፋት ደግሞ ክልክል ነው። ስለዚህ የኩምሳ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞች አዋጥተው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ገዙ። ጥቁር ነው፤ እንደ ወፍራም መጽሐፍ ይቆማል፤ የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ አለው። ሰብለወርቅ ድምፅዋን ቀጥታ እሱ ላይ ትቀዳለች፣ ኩምሳ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ያለቀውን በፍላሽ ይወስዳል። የሰበታ አቧራ ወንፊት አይመልሰውም። በዚያ ላይ ዕቃው ስጦታ ነው። ለገና ጥሩውን ነጭ ክር አውጥታ ሽፋን ሠራችለት፤ ዙሪያውን አበባ፣ ከታች ለገመዶቹ ቀዳዳ።

እስከ መጋቢት በቀን ግማሽ ሰዓት ታነብ ነበር። ችግር አልነበረም። መጋቢት ውስጥ የፈተናው ቀን ተነገረ፤ ግንቦት አሥራ ስድስት። የወንጀል ሕጉ ግማሽ ቀርቷል፤ ሁለቱ የሥነ ሥርዓት ሕጎች አልተነኩም። ሰብለወርቅ በቀን ሦስት ሰዓት ለማንበብ ወሰነች።

በመጀመሪያው ቀን አርባ ደቂቃ እንዳነበበች ኮምፒውተሩ አንዲት ትንሽ ድምፅ አሰማና ዲስኩ ከስክሪኑ ጠፋ። የተቀዳውም አብሮ ጠፋ። ፈቀደን ጠራችው።

«ሄዷል» አለችው።

«ማን?»

«ዲስኩ።»

ፈቀደ ጠረጴዛውን አየ። ዲስኩ ዳንቴሉን ለብሶ ቦታው ላይ ቆሟል። «ይኸው አለ» አለ።

ነቅላ ሰካችው፤ ተመልሶ መጣ። ማንበብ ጀመረች። በስድስተኛው ደቂቃ ሄደ።

ስልክ ቤት መስመር ሲቋረጥ ኦፕሬተር መጀመሪያ የምታደርገው መመዝገብ ነው። ስንት ሰዓት ተነሳ፣ ስንት ሰዓት ተቋረጠ፣ ከየት ነበር፣ ሌላ ምን ነበር። ጠጋኙ ሲመጣ ወሬ አይፈልግም፤ መዝገቡን ነው የሚጠይቀው። ሰብለወርቅ አንድ ደብተር አወጣችና በማስመሪያ አምዶች አሰመረች። ቀን። የተነሳበት። የጠፋበት። ቦታ። የመጨረሻው አምድ አስተያየት ይላል።

አስተያየት በፍጥነት ሞላ። ፈቀደ ጥፋቱ የመብራቱ ነው አለ፤ ፍሪጁን ነቀለ። ዲስኩ በአርባ አራት ደቂቃ ጠፋ፤ ወጡም ተበላሸ። ገመዱን ቀየሩ፤ አርባ አንድ ደቂቃ። ከፊት ያለውን ዩኤስቢ ትተው ከኋላ ሰኩት፤ አርባ ሰባት። ቫይረስ አጸዱ፤ ሠላሳ ዘጠኝ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሳሊሃ የዕለቱን ወሬ ሰምታ መጣችና፣ ሰው አይቶባችሁ ይሆናል አለች። ሰብለወርቅ አታምንበትም። ግን ደብተር ደብተር ነው፤ «የሰው ዓይን፣ እንደ ሳሊሃ» ብላ ጻፈችው።

በየሩብ ሰዓቱ እየቆረጠች ለመቅዳትም ሞከረች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁርጥራጮች ዳኑ፤ ሦስተኛው መሃል ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ ዲስኩ ለአምስት ደቂቃ እንኳ አልቆየም። የዚያን ቀን በሦስት ሰዓት ውስጥ የቀዳችው አሥራ ሁለት አንቀጽ ነው።

ቅዳሜ ኩምሳ መጣ። የሚወስደው ነገር ጥቂት ነበር። ፍላሹን እያገላበጠ፣ ይሄኛው ፈተና ካመለጠው ቀጣዩ መቼ እንደሚሰጥ እንደማይታወቅ ነገራቸው። ቢሮ ውስጥ ስልክ በማንሳት አምስተኛ ዓመቱን ሊይዝ ነው።

«ግማሹን ሕግ ይዤ ብገባስ?» አለ ኩምሳ፣ ፈቀደ ወደተቀመጠበት ዞሮ። «ኦቦ ፈቀደ፣ እርስዎ በግማሽ ፍሬን ጂማ ወርደው አያውቁም?»

«አውቃለሁ» አለ ፈቀደ። «አልመክርህም።»

ሰኞ ዕለት ሰብለወርቅ ዲስኩን ይዛ አየር ጤና ሄደች፤ የአህመድ ኮምፒውተር ጥገና እዚያ ነው። ዳንቴሉን አውልቃ ቤት ተወችው፤ ነጭ ነው፣ የሰው ጠረጴዛ ላይ አይውልም። አህመድ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ዊንጩን ጆሮው ላይ የሚሰካ ሰው ነው። ደብተሩን ከፍቶ እስከ መጨረሻው አነበበ፤ «የሰው ዓይን» የሚለው ጋ ሲደርስ አንዴ ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ዲስኩን ሰካ። ሁለት ሰዓት ተኩል ቁጭ ብለው ጠበቁት። አልጠፋም።

«ምንም የለውም፣ እትዬ።»

«እኔ ቤት ግን አለው።»

«እንግዲያ ቤቱን ያሳዩት» አለ አህመድ።

ቤት መለሰችው፣ አለበሰችው፣ ሰካችው። አርባ ሁለት ደቂቃ። በሳምንቱ ተመልሳ ሄደች። አህመድ አሁን ቀኑን ሙሉ አዋለው፤ ፊልም ከፈተበት፣ ትልልቅ ፋይል ገለበጠበት። ረመዳን ነበርና ከማፍጠሪያ በፊት ሱቁን ሲዘጋ ዲስኩን እንደ ጤነኛ በሽተኛ አስረከባት። ሐኪም ቤት ሲደርስ የሚሻለው ሰው አለ፣ እንደዚያ ነው አላት። ፈቀደ ይህን ሲሰማ ዲስኩ አየር ጤናን ወዶታል፣ እዚያ ቤት እንከራይ አለ።

በዚህ ሁኔታ ሁዳዴ አለቀ፣ ሕማማት ገባ። ለፈተናው አርባ ቀን የማይሞላ ጊዜ ቀርቷል።

ለፋሲካ ቤቱ ሁሉ ይወልቃል። ሰኞ ጠዋት ፈቀደ ወንበር ላይ ቆሞ መጋረጃ አወረደ፤ ሰብለወርቅ ዳንቴሎቿን ሰብስባ ዘፈዘፈች። እስከ ረፋዱ ድረስ የጊቢው ገመድ በነጭ ተሞላ። ቴሌቪዥኑ፣ ራዲዮኑ፣ ሲሊንደሩ ባዶአቸውን ቀሩ። እጇን አድርቃ፣ ከስግደት በፊት ያለችውን ሰዓት ላለማባከን ማይኩ ፊት ተቀመጠች። አርባ ደቂቃ ሆነ። ድምፅዋን ሳትቀይር ማንበቧን ቀጠለች። አንድ ሰዓት። ሁለት። ፈቀደ በሩን ገርበብ አድርጎ አየና መልሶ ዘጋው።

ማክሰኞም፣ ረቡዕም፣ ሐሙስም እንደዚያው ሆነ። የወንጀል ሕጉ አለቀ። ደብተሩ ላይ፣ አስተያየት በሚለው አምድ፣ «ሕማማት» ብላ ጻፈች። ዓርብ አላነበበችም። ቅዳሜ ዳንቴሎቹ ተተኮሱ፤ እያንዳንዱ ወደ ባለቤቱ ራስ ተመለሰ። በዓሉ አለፈ። ማክሰኞ ቁጭ አለች።

አርባ ሦስት ደቂቃ።

ኮምፒውተሩን ዘጋችው። ደብተሩን ይዛ ሳሎን ሄደችና መነጽሯን አደረገች። በቀይ እስክሪብቶ ዲስኩ ያልጠፋባቸውን ቀናት ብቻ አሰመረችባቸው። ስድስት ናቸው። ሁለት አየር ጤና፣ አራት ሕማማት።

«አየር ጤናና ሕማማት ምን ያገናኛቸዋል?» አለችው ፈቀደን።

ፈቀደ አሰበ። «ጾም» አለ። «አህመድም ረመዳን ላይ ነበር።»

ሰብለወርቅ ይህንን በቁም ነገር ያዘችው። ገጹን ወደኋላ ገለጠች። መጋቢትን ሙሉ ሁዳዴ ነበር፤ እሷም ፈቀደም ጾመዋል፤ ዲስኩ ግን በየቀኑ ጠፍቷል። ጾም ተሰረዘ። መብራት ተሰረዘ፤ በሕማማት ፍሪጁ እየሠራ ነበር። የሰው ዓይን ተሰረዘ፤ አየር ጤና ከሰበታ የበለጠ ሰው አለ።

ተነስታ መኝታ ቤት በር ላይ ቆመች።

«ሰኞ ዕለት ምን ለብሶ ነበር?»

«ማን?»

«ዲስኩ ነዋ።»

«ምን ይለብሳል፣ ልብሱ ገመድ ላይ ነበር» አለ ፈቀደ።

ሰብለወርቅ ዳንቴሉን ገፈፈችው። ከሥር፣ አቧራ እንዳያስገባ ብላ ዳንቴሉን ባለበሰች ቁጥር ራሷ የምትጠቀልልበት ስስ ፌስታል አለ። ዲስኩ ላይ እጇን አሳረፈች፤ ወዲያው አነሳችው። አሁን የተቀዳ ሻይ እንደያዘ ብርጭቆ ይፋጃል። በጀርባው እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነገር አለው፤ ፌስታሉ እዚያ ላይ በሙቀት ተጣብቋል።

አህመድ ጋ ደወለች። ያደረገችውን አንድም ሳትደብቅ፣ እንደ መዝገብ አነበበችለት።

«ቆይ፣ እትዬ» አለ አህመድ። «ፌስታል አልብሰውት ነበር?»

«ፌስታሉ ከውስጥ ነው። ዳንቴሉ ከላይ።»

መስመሩ ላይ ረጅም ዝምታ ሆነ። የሃያ ሰባት ዓመት ኦፕሬተር ስለሆነች ሰው አፉን በእጁ ይዞ ሲስቅ በስልክ ምን እንደሚመስል ታውቃለች። ጠበቀችው። አህመድ ጉሮሮውን ጠራርጎ ነገሩን አስረዳት። ወንፊቱ መተንፈሻው ነው። ውስጡ ሲሽከረከር ይሞቃል፣ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ራሱን ያጠፋል። እሱ ጋ ስትመጣ ሁልጊዜ ራቁቱን ነበር። ግማሽ ሰዓት ስታነብም ሳይግል ትጨርስ ስለነበር ነው እስከ መጋቢት ያልታወቀው። ከዚያ ድምፁ ተቀየረ። ዲስኩ ስንት ጊዜ እንደጋለ ደብተሯ ያውቃል፤ ከእንግዲህ ሙሉ በሙሉ አይታመንም። ያለው ሁሉ ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ይገልበጥ፣ ከዚያ በኋላ የሚቀዳውም በየቀኑ በሁለት ቦታ ይቀመጥ አላት።

በማግስቱ ዲስኩን ይዛ እሱ ጋ ሄደች። ቀን ሙሉ ገለበጡ። ከሦስት ወር ቅጂ ውስጥ የማይከፈቱ አራት ፋይሎች ተገኙ። ኩምሳ ያዳመጠውን ከፍላሹ ያጠፋ ነበርና አራቱን እንደገና አነበበቻቸው። ኩምሳ በኋላ ሁለተኛው ንባብ ላይ ስድቡ እንደሳሳ ቅሬታ አቅርቧል።

ከዚያ በኋላ ሥራ ብቻ ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ ሁለት። ዲስኩ ከግድግዳው ርቆ ባዶውን ቆመ፤ ፈቀደ በየጠዋቱ በደረቅ ጨርቅ አቧራውን ያነሳለታል። ማንም ሳያዘው ነው የጀመረው። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱ በዘጠኝ ቀን አለቀ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ የመጨረሻ አንቀጽ ግንቦት አራት ከሰዓት በኋላ ተነበበ። ኩምሳ ቅዳሜን አልጠበቀም፤ በዚያው ቀን ከሥራ ወጥቶ መጣ። የሚያዳምጠው አፋጥኖ ነው። አንዴ ያለ ማዳመጫ ከፈተው፤ የሰብለወርቅ ድምፅ እንደ ወፍ ጫጫታ ክፍሉን ሞላው። ፈቀደ እንዲህ በፍጥነት የምትናገረዋን ሴት ባገባ ኖሮ ሕይወቱ በግማሽ ያጥር እንደነበር ገመተ።

ግንቦት አሥራ ስድስት ተፈተነ። ከፈተናው ወጥቶ ደወለ። ጥያቄውን እንዲያነብለት የተመደበው ሰው ይቸኩላል፤ ሦስት ጥያቄ አስደግሞታል፤ ስለ ድንበር የመጣውን ግን ሳያስደግም መልሷል። ሌላውን አላውቅም አለ። ሰብለወርቅም አልጠየቀችውም።

ውጤቱ የመጣው ሐምሌ ውስጥ ነው። ዝናብ እየዘነበ በሩ ተንኳኳ። ኩምሳ ካፖርቱ ውስጥ ከሸሚዙ ሥር የያዘውን ፖስታ አወጣ። አልተከፈተም። ደብዳቤው ቢሮ የደረሰው ጠዋት ነበር፤ አለቃው ላንብብልህ ብሎት ነበር፤ ተላላኪዋም እንደዚያው። እምቢ ብሎ ሁለት ሚኒባስ ቀይሮ ነው የመጣው።

«ሕግ ነክ ነገር በሌላ ሰው ድምፅ አይገባኝም» አለ። ፖስታውን ዘረጋላት።

ሰብለወርቅ ፖስታውን በመቀስ ከዳር ቆረጠች። መነጽሯን አደረገች። ቆማ፣ ከላይ ጀመረች። የመሥሪያ ቤቱን ስም አነበበች። ቁጥር አነበበች። ቀን አነበበች።

«አንቺ፣ ውጤቱን» አለ ፈቀደ።

«ደብዳቤ በተርታ ነው የሚነበበው።»

ለአቶ ኩምሳ አለች፤ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም። ጉዳዩ አለች፤ ጉዳዩን አነበበች። ከላይ በተጠቀሰው ቀን የተሰጠውን ፈተና ወስደው ያለፉ መሆኑን እየገለጽን አለች፤ ሳትቆም፣ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍና የትምህርት ማስረጃዎን ዋናውንና ኮፒውን ይዘው በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንዲቀርቡ አለች። ከሰላምታ ጋር አለች። ፊርማና ማኅተም እንዳለው ተናገረች። ወረቀቱን አጠፈችው።

ኩምሳ በትሩን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«እትዬ ሰብሌ» አለ። «ትንሽ ወደኋላ ይመለሱልኝ።»

«የቱ ጋ?»

«‹ያለፉ› የምትለዋ ጋ።»

ወረቀቱን ፈታችና ከዚያ ጀምራ አነበበችለት። ሦስት ጊዜ አስደገማት። በሦስተኛው ላይ ፈቀደ ጃንጥላውን ፈልጎ ጫማውን ማሰር ጀምሮ ነበር።

«ወዴት ነው?» አለችው ሰብለወርቅ።

«ፎቶ ቤት» አለ። «ጉርድ ሁለት ነው አይደል የሚሉት? በአሥራ አምስቱ ቀን አትተማመኑ፤ ፎቶ ቤቱ መብራት ያለው ዛሬ ነው።»